የሶዶን ድሃ ከጎርፍና ከረሃብ ለመጠበቅ ሥራው ከዳሞታ ተዳፋት ይጀምራል

የአየር ንብረት ለውጥ ያስከተለው ችግር በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በሰው ሐሳብ የሚመጣው በድርቅ የተመታ ማሳና የከሳ ከብት ነው። በከተማ ውስጥ በጠባብ የኪራይ ቤት ተጠግቶ በቀን ሥራ፣ በሸክምና በጉሊት ንግድ የሚተዳደረው ሕዝብ ግን ከአደጋው ውጭ እንደሆነ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በወላይታ ሶዶ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የገበሬ ማኅበራት መካከል ያለውን ግንኙነት ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑ በግልጽ ይታያል። የበልግ ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው ሲጎዳ የከተማው ድሃ አብሮት ይራባል። ተራራው ተራቁቶ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የከተማውን ድሃ ቤት፣ ቀጥሎም ከከተማው በታች ያለውን የገበሬ ማሳ ይመታል።

ስለዚህ የከተማውን ድሃ ከአደጋ መጠበቅ ለማዘጋጃ ቤት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችንም በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ግን የገበሬውን መልካም ፈቃድ ብቻ በመጠየቅ የሚፈጸም አይደለም። ገበሬው ለከተማው ለሚሰጠው አገልግሎት ከተማውም ለገበሬው የሚመልሰው ነገር መኖር ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

የከተማው ድሃ ከየት መጣ?

ወላይታ በአገራችን የገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ 1,501,112 ነበር። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ350 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲሰጥ ቢፈቅድም፣ በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ይህን ያህል ለማደል የሚያስችል መሬት ከመጀመሪያውም አልነበረም። አባት ለልጅ፣ ልጅም ለልጁ እያካፈለ በመምጣቱ ዛሬ ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ቁራሽ መሬት ላይ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ሰውን ወደ ቆላ ማውረድ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር ሥራውን የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ዋዱ እያለ የሚጠራው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ከማከፋፈሉም ሌላ ከደጋው ገበሬዎችን ወስዶ በአበላ ቆላ አስፍሯል። ዛሬ ቆላውም ባለቤት አለው። መሬት ያልደረሰው ወጣት የሚሄደው ወደ ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጫማ በማሳመርና ሎተሪ በማዞር ከሚተዳደሩት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ከወላይታ የሄዱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሩቅ ለመሄድ አቅም ያጣው ደግሞ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ይቀራል።

የሶዶ ከተማ ሕዝብ በዚያው የ1999 ቆጠራ 76,050 ነበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ ከክልሉ ዋና መቀመጫዎች አንዷ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የቤት ፈላጊው ቁጥር ይበልጥ ጨምሯል። ቤት ፈላጊ ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል፤ ኪራይ ሲወደድም ድሃው ወደ ርካሹ ቦታ ይገፋል። ርካሽ ቦታ የሚገኘው ደግሞ በቦረቦር አፋፍ፣ በቦይ ዳርና ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ላይ ነው። እንግዲህ አደጋ ላይ የወደቀው የከተማው ድሃ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያልበቃው የገበሬው የራሱ ልጅ፣ የራሱ ወንድምና እኅት ነው።

በልግ ሲከሽፍ ገበያው ምን ይሆናል?

ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብ ለወላይታ ገበሬ የኑሮው መሠረት መሆኑን የማኅበር መሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። በቆሎውና ቦሎቄው የሚዘራው በዚሁ ዝናብ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የተተከለው ስኳር ድንች ደግሞ ጎተራ በሚራቆትባቸው የበጋና የበልግ ወራት የቤተሰቡ መሸጋገሪያ ነው። ዝናቡ ሲቀር ጉዳቱ የአንድ ወቅት ምርት በማጣት ብቻ አያበቃም። የስኳር ድንቹ ሐረግ ስለሚደርቅ ለሚቀጥለው ወቅት የሚተከል ዘር ይጠፋል። በቆሎን ከሌላ አካባቢ በከረጢት ማምጣት ይቻላል፤ እርጥብ ሐረግ ግን በሩቅ መንገድ ሲጓጓዝ ይጠወልጋል። በ1977ቱ ድርቅም ሆነ ከዚያ በኋላ በ1992፣ በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. ወላይታን ባገኘው ችግር የረሃቡ ጊዜ እየተራዘመ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. የነበረው ችግር አረንጓዴ ረሃብ እስከ መባል የደረሰው፣ ዘግይቶ በመጣው ዝናብ ምድሩ ለምልሞ ሳለ የሚበላ ምርት ባለመገኘቱ ነበር።

ይህ ሁኔታ በከተማው ድሃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የእህል ዋጋ መውጣት ነው። የከተማው ድሃ እህል በኩንታል ገዝቶ አያስቀምጥም። ዛሬ ባገኘው ገንዘብ ለዛሬ የሚበቃውን በጣሳ ይሸምታል። ስለዚህ ዋጋ በወጣበት ቀን ጉዳቱ የሚሰማው በዚያው ቀን ማታ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀረው፣ የጉልበት ዋጋ መውረድ ነው። ምርት ያጣው ገበሬና ልጁ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ሶዶ ይወርዳሉ። ሥራው ያው ሆኖ ሠራተኛው ሲበዛ የቀን ምንዳው ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት የከተማው ድሃ የሚገዛው እህል በተወደደበት በዚያው ወር የሚሸጠው ጉልበት ይረክሳል። ከከተማ ወደ ገጠር ለእናትና ለአባት ይላክ የነበረው ጥቂት ገንዘብም በዚያን ጊዜ ይቋረጣል። ገበሬውም በጣም በሚፈልገው ወቅት ድጋፉን ያጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በየገበሬው ጓሮ የቆመ እንሰትና በእርጥብ ቦታ ተጠብቆ የቆየ የስኳር ድንች ሐረግ የገጠሩን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የሶዶን ገበያ ያረጋጋል። እንሰት ለአጭር ጊዜ ድርቅ የማይበገር ተክል ነው፤ ለቆጮ ለመድረስ ግን እንደየዝርያውና እንደየቦታው ዓመታት ይፈጅበታል። በችግር ዓመት ሁሉንም ፍቆ የጨረሰ ቤተሰብ ለሚቀጥሉት ዓመታት ዋስትና የለውም። የእንሰት አጠውልግ በሽታም ከድርቁ ያልተናነሰ ጠላት ሆኗል። የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ በሽታ ባለበት ማሳ የዋለን ቢላዋ በእሳት ሳያነጹ ወደ ጤነኛው አለመውሰድ፣ ከብትና አሳማ እንዳይገባበት መጠበቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ ያለ ወጪ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ጥንቃቄዎች ናቸው። በዞኑ ውስጥ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ በመሆኑ ማኅበራት ዝርያና ምክር ሊጠይቁት ይገባል።

ከዳሞታ የሚወርደው ውሃ

የሶዶ ከተማ የተቆረቆረችው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። በተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ወደ ምድር ካልሰረገ በከተማው ውስጥ አልፎ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ይወርዳል። ድሮ ዛፍና ሣር ውሃውን እየያዘ ቀስ ብሎ ይለቀው ነበር። ተዳፋቱ እየታረሰና እየተጋጠ በሄደ መጠን ግን የሚሰርገው ውሃ ቀንሶ የሚንደረደረው በዝቷል።

በዚህ ላይ የአየሩ ሙቀት መጨመር ተደርቦበታል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አየሩ ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህም የተነሣ ዝናቡ ሲቀር ለረጅም ጊዜ ይቀራል፤ ሲመጣ ደግሞ በአጭር ጊዜ በኃይል ይወርዳል። ገበሬው ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲጥል 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህም ባለ 200 ሊትር 2,500 በርሜል ማለት ነው። አንድ መቶ ሄክታር የተራቆተ ተዳፋት ከዚህ ውስጥ ግማሹን ብቻ እንኳ ቢለቅ፣ 125 ሺህ በርሜል ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በከተማው ላይ ይወርዳል። የከተማው የቆርቆሮ ክዳን፣ አስፋልትና የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ደግሞ ምንም ውሃ ስለማያሰርግ የራሱን ይጨምርበታል። በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ውሃው ወደ ጭቃ ቤቶች ይገባል፤ መሠረታቸውን ይቦረቡራል፤ መጸዳጃ ጉድጓዶችን አጥለቅልቆ ምንጭና የጉድጓድ ውሃ ይበክላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከከተማው ቦዮች የሚወጣው ውሃ ከከተማው ጠርዝ በታች በሚገኘው የገበሬ ማሳ ላይ ይለቀቃል። የተከማቸ ውሃ መውጫው ባልታነጸበት ቦታ በተለቀቀ ጊዜ ቦረቦር ይከፍታል። ቦረቦሩም ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየተናደ ማሳውን፣ መንገዱን፣ በመጨረሻም ራሱን የከተማውን ቤት ይበላል። እንግዲህ ከላይ ያለው ገበሬ ያላቆመው ውሃ ከተማውን ይጎዳል፤ ከተማው ያላረመው ውሃ ደግሞ ከታች ያለውን ገበሬ ይጎዳል። ሦስቱ በአንድ ተዳፋት ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች ናቸው።

ይህ ዓይነቱ አደጋ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ከሌላ አካባቢ የታየ ምሳሌ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ደራሽ ውሃ ደቻቱን ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በከፍተኛ ደረጃ የተጎዱት በወንዙ ዳር የሰፈሩት ድሆች ነበሩ። ከአደጋው በኋላ በከተማው ውስጥ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ከመሠራቱም ሌላ፣ ግንብ ብቻውን እንደማይበቃ በመታመኑ በላይኛው ተፋሰስ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ እንዲካሄድ ተደርጓል።

በቅርብም ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ አስቀድሞ በናዳ የተያዙትን ለማውጣት የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ በደረሰ ናዳ ከ10 የማያንሱ ሰዎች ሕይወት አልፏል። በዞኑ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያም ናዳ የብዙ ሰው ሕይወት ማጥፋቱ ይታወሳል።

ሙቀቱ የሚያመጣው ሌላው ችግር ወባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ወባ በቆላ የሚታወቅ በሽታ ቢሆንም ሙቀት ሲጨምር ወደ ወይና ደጋው ይወጣል። ውሃ ያቆረ ቦረቦርና የተደፈነ ቦይ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይበረታል። የቀን ሠራተኛ አንድ ሳምንት በወባ ከተኛ የአንድ ሳምንት ምንዳው ቀረ ማለት ነው።

ፖሊሲው ምን ይላል? ክፍተቱስ የት ላይ ነው?

በጉዳዩ ላይ መንግሥት ያወጣቸው መመሪያዎች ጥቂት አይደሉም። ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ለመገንባት የታቀደበት ስልት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የመላመጃ ዕቅድ ደግሞ ግብርናን፣ ውሃን፣ ጤናንና ከተማን ጭምር የሚመለከቱ 18 አማራጮችን ዘርዝሯል። የአረንጓዴ ዐሻራ የችግኝ ተከላ ዘመቻም በዚያው ዓመት ተጀምሯል።

ለድሃው በቀጥታ የሚደርሰው ግን ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የተባለው መርሐ ግብር ነው። የገጠሩ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን በወላይታም ለብዙ ዓመታት እርከን፣ ክትርና የገጠር መንገድ ሲሠራበት ቆይቷል። የከተማው መርሐ ግብር ከ12 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለማቀፍ ታቅዶ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. በጸደቀው ሁለተኛ ምዕራፍም ከ80 በላይ ከተሞችን እንዲያዳርስ ተወስኗል። የከተማው ድሃ ቦይ በመጥረግ፣ ቆሻሻ በማንሣትና አረንጓዴ ቦታ በማልማት ምንዳ ያገኛል።

ሁለቱም መርሐ ግብሮች ጠቃሚ ናቸው። ችግሩ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ወሰን ነው። የገጠሩ ሥራ በገበሬ ማኅበሩ ወሰን ላይ ያቆማል፤ የከተማው ሥራ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ላይ። ውሃው ግን ወሰን አያውቅም። በ1967ቱ አዋጅ የአንድ ገበሬ ማኅበር ክልል 20 ጋሻ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን የተደረገው መሬት ለመደልደልና ሕዝብ ለማደራጀት ነበር እንጂ የውሃውን መንገድ ተከትሎ አልነበረም። ዛሬም የቀበሌ ወሰን የተፋሰስ ወሰን አይደለም። በዚህ የተነሣ ከተማው በየዓመቱ ቦይ ሲጠርግ፣ ከላይ የሚወርደው ደለል ቦዩን መልሶ ይሞላዋል። ከታች ያለው ማኅበርም ክትር በሠራ ቁጥር ከከተማው የሚለቀቀው ውሃ ያፈርስበታል። የሁለት መሥሪያ ቤት ገንዘብና የሁለት ወገን ጉልበት በከንቱ ያልቃል ማለት ነው።

የሁምቦ ልምድና የገበሬው ጥቅም

ገበሬው ተዳፋቱን ቢያጥር ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከግማሽ ሄክታር በታች ይዞ የሚኖር ቤተሰብ የግጦሽ ቦታው ሲዘጋበት ከብቱን የት ይወስዳል? ሴቶችስ ማገዶ ከየት ያመጣሉ? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ተራራው ይከለል የሚል ሰው፣ የከተማውን ሸክም በገጠሩ ድሃ ጫንቃ ላይ ያዛውራል እንጂ ችግሩን አያቃልልም።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሶዶ በስተደቡብ በሚገኘው በሁምቦ ተራራ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት፣ በሰባት የገበሬዎች የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅና በወርልድ ቪዥን ድጋፍ እንዲያገግም ተደርጓል። አብዛኛው ሥራ አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። በምድር ውስጥ በሕይወት የቆየውን ጉቶ ከከብት ጠብቆ፣ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ በመግረዝ እንደገና ዛፍ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዝግቦ፣ በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል የተቃጠለ አየር ከከባቢው ይስባል ተብሎ ታቅዷል። ከዚህም የተወሰነውን የዓለም ባንክ ፈንድ በገንዘብ እንዲገዛ ተዋውሏል። ገንዘቡም ለማኅበራቱ ይደርሳል። ከብት ባይሰማራም ሣሩ እየታጨደ ይወሰዳል፤ ከሚገረዘውም ማገዶ ይገኛል። በዳሞታ ተራራም ላይ ተመሳሳይ የደን ልማት ተካሂዷል።

በሁምቦ ሥራው የተሳካው ሦስት ነገሮች አብረው በመገኘታቸው ነው። የተጠቃሚነቱ መብት በጽሑፍ ለማኅበራቱ ተሰጥቷል። የሚታጨድ ሣርና የሚለቀም ማገዶ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይገኛል። በኋላም ገንዘብ ገብቷል። ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ቦታ ግን ለአንድ ክረምት ታጥሮ በበጋው የሚፈርስ አጥር ብቻ ይቀራል።

ከተማው ለላይኛው ተፋሰስ የሚከፍልበት ሥርዓትም በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ውሃዋ የሚመነጭበትን ተራራ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ቋሚ ፈንድ አቋቁማለች። የከተማው የውሃ ድርጅት ከገቢው 2 በመቶ ያህሉን ለዚሁ ፈንድ ይሰጣል። ሶዶም ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ የምትጠጣ ከተማ እንደመሆኗ፣ ዳሞታ ላይ የሚሰርግ እያንዳንዱ ጠብታ ጎርፍ ቀንሶላት በበጋ ምንጭ ሆኖ ይመለስላታል። ይህን አገልግሎት በነጻ እንድታገኝ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

በከተማው ጠርዝ ያለው ገበሬ ጉዳይም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። ከተማዋ እየሰፋች በሄደች ቁጥር መሬቱን ለቆ ካሳ የሚወስድ ገበሬ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ና ከዚያ በኋላ የተደረገበት ማሻሻያ ካሳና መልሶ ማቋቋምን ይደነግጋሉ። ካሳው በጥቂት ወራት አልቆ ገበሬው በቦረቦር አፋፍ ቤት ተከራይ ሆኖ ከተገኘ ግን አንድ የገጠር ድሃ አንድ የከተማ ድሃ ሆነ ከማለት በስተቀር ልማት ተገኘ ለማለት አይቻልም።

ከማኅበር መሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ በዳሞታ ተዳፋትና ከከተማው በታች የሚገኙ ማኅበራት መሪዎች ከከተማው አስተዳደር ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የጋራ የተፋሰስ ኮሚቴ እንዲቋቋም መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ኮሚቴው በበጋው ወራት ውሃው ከሚነሣበት አንስቶ እስከሚወርድበት ድረስ በእግር ተጉዞ መንገዱን ማየትና የሥራውን ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች መወሰን ይገባዋል። ክትር ከታች ተጀምሮ ተዳፋቱ ከላይ ክፍት ከተተወ ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የገጠሩና የከተማው ሴፍቲ ኔት ሠራተኞች ከተከላ አስቀድሞ ባሉት ወራት በጋራ በተመረጠው ተዳፋት ላይ እንዲሠሩ ለወረዳውና ለከተማው በጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያላቸው 300 የውሃ ማሰረጊያ ጉድጓዶች በአንድ ሄክታር ቢቆፈሩ 225 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛሉ። ይህም ከላይ ከተገለጸው የ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ማለት ነው። መሬቱ ለመንሸራተት የሚያሰጋ ገደል ከሆነ ግን ጉድጓድ አይቆፈርም፤ ውሃው በመቀልበሻ ቦይ ተመርቶ እንዲወጣ ይደረጋል። ይህን ለመለየት የልማት ሠራተኛው ምክር ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከከተማው የሚለቀቅ ማንኛውም ቦይ መውጫው በድንጋይ ሳይታነጽ በማሳ ላይ እንዳይከፈት የታችኞቹ ማኅበራት አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው። ቦረቦር ከተከፈተ በኋላ ከሚቀርብ አቤቱታ፣ መንገዱ ገና በንድፍ ላይ እያለ የሚቀርብ ጥያቄ ይበልጥ ይሰማል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ማኅበር በምንጭ ዳር ወይም በረባዳ ቦታ የስኳር ድንች ሐረግ የሚጠበቅበት ጥቂት መሬት ይለይ። የእንሰቱም ተከላ በየዓመቱ እየተካሄደ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያለው ተክል በጓሮ እንዲኖር ይደረግ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርት በደረሰ ጊዜ በቆሎ ገዝተው በማከማቸት በችግሩ ወራት ለከተማው ሸማቾች ማኅበር በቀጥታ ቢያቀርቡ፣ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ፣ ለድሃውም የረከሰ እህል ይገኛል።

አምስተኛ፣ የናዳ ምልክቶችን ሕዝቡ እንዲያውቃቸው ማድረግ የመሪው ግዴታ ነው። በተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየት፣ ዛፎች ማዘንበል፣ የምንጭ ውሃ በድንገት መደፍረስ ወይም ባልነበረበት ቦታ መፍለቅ ቤተሰብን ቶሎ ለማንሣት በቂ ምክንያቶች ናቸው። ናዳ በደረሰ ጊዜም ተዳፋቱ ሳይረጋ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተንጋግቶ እንዳይገባ፣ ከላይ የሚመለከት ጠባቂ ሳይቆም ቁፋሮ እንዳይጀመር የጎፋው ሐዘን በከባድ ዋጋ አስተምሯል።

ከተማውም የድርሻውን መፈጸም ይኖርበታል። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ክዳን በአንድ የ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 በርሜል ውሃ ይሰበስባል። ይህን የሚይዝ ጋን ወይም በርሜል በየግቢው ቢኖር ጎርፉም ይቀንሳል፤ ውሃ ቀድታ ለመመለስ ረጅም ሰዓት የምትቆመው እናትም ታርፋለች። ከሁሉም በላይ ግን ለድሃው ከቦረቦር አፋፍ ርቆ የሚኖርበት ቦታ በከተማው ፕላን ውስጥ ሊያዝለት ይገባል። ሌላ መኖሪያ ሳያገኝ ከአደጋ ቦታ እንዲነሣ የታዘዘ ሰው በሌላ አደጋ ቦታ ከመስፈር በቀር ምርጫ የለውም።

የኢንዱስትሪ አገሮች ባቃጠሉት ነዳጅ የተነሣ የመጣው ሙቀት በወላይታ ገበሬም ሆነ በሶዶ ቀን ሠራተኛ ጥፋት አልተፈጠረም። ለዚህ ተጠያቂ የሆኑት እንዲከፍሉ የሚቀርበው ጥያቄ ትክክለኛ ስለሆነ መቀጠል አለበት። ክፍያው እስኪመጣ ግን ዝናቡ አይጠብቅም። የበጋው ወራት የተፋሰስ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ በዳሞታ ተዳፋት ላይ የሚቆፈረው ጉድጓድና በከተማው ጠርዝ የሚታነጸው መውጫ፣ በክረምት የማን ቤት እንደሚቆምና የማን ማሳ እንደሚተርፍ ይወስናል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ አይደለም። የላይኛው ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የከተማው ከንቲባና የታችኛው ማኅበር ሊቀ መንበር የውሃውን መንገድ ተከትለው አንድ ቀን አብረው መጓዛቸው ነው።